መዝገብ መያዝም ሳይንስ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህን ምሳሌ ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ይሁን እንጂ አባባሉ የሚሠራው ለውርስና ለብድር ውል ብቻ ሳይሆን፣ በ1,500 ዲግሪ ሙቀት እቶን ውስጥ ለሚጋገር ሴራሚክና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሚታይ ክሪስታልም ጭምር መሆኑን አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ዛሬ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

እኔ በሙያዬ የቁሳቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ጉለሌ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኬሚስትሪ የሠራሁት አራት ኪሎ ነው። አሁን የምኖረውና የምሠራው ጀርመን አገር ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሥራዬ እቶን ማንደድ መሆኑ ቀርቶ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከእቶናቸውና ከማይክሮስኮፓቸው ያገኙት መረጃ በወጉ እንዲመዘገብ፣ እንዲጠበቅና ለሌላው እንዲተርፍ ማድረግ ሆኗል። ሙያው በአማርኛ «የምርምር መረጃ አያያዝ» ቢባል ያስኬዳል። ሥራዬን ለጠየቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማነበው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ታዲያ ያን ያህል የተማርሽው ለዚህ ነው?» የሚል ነው። እንዲህ ብለው የሚያስቡት አብዛኛዎቹ የሚወዱኝ ሰዎች ስለሆኑ፣ መልሱን በዝርዝር ልሰጥ ይገባኛል።

ቁሳቁስም ታሪክ አለው

የቁሳቁስ ሳይንስ ማለት አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተሠራና ከዚያም የተነሣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደያዘ የሚመረምር ትምህርት ነው። ነገሩ የከበዳት እኅት ብትኖር ምጣዷን ትመልከት። ከአንድ ጭቃ ሁለት ምጣድ ቢሠራ፣ አንዱ በወጉ ቢሟሽ፣ ሌላው ግን ሳይሟሽ ለሥራ ቢቀርብ፣ የመጀመሪያው እንጀራውን በቀላሉ ይለቃል፤ ሁለተኛው ይይዛል፤ ባለቤቱንም ያናድዳል። ጭቃው አንድ ነው። የተለያየው ምጣዱ ያለፈበት ታሪክ ነው። እንግዲህ ብረትም ሆነ ሴራሚክ፣ ሲሚንቶም ሆነ መስተዋት እንደዚሁ ነው። ጠባዩን የሚወስነው ከምን መሠራቱ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳሳለፈ ጭምር ነው።

የእኔ ጥናት ዚርኮኒያ በሚባል ነጭ ሴራሚክ ላይ ነበር። ዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ለተሰበረ ወይም ለተነቀለ ጥርስ ምትክ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ነው። ንጹሑ ዚርኮኒያ ወደ 1,170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የአቶሞቹ አደራደር ይለወጣል። ቀዝቅዞ ወደ ቀድሞው አደራደር ሲመለስ ደግሞ መጠኑ በመቶ ከ4 እስከ 5 ያህል ስለሚጨምር ይሰነጣጠቃል። ይህ እንዳይሆን ጥቂት ይትሪየም ኦክሳይድ ይቀላቀልበትና ከ1,400 እስከ 1,500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራል። ዱቄቱ ከየትኛው ምርት እንደመጣ፣ እቶኑ በደቂቃ ስንት ዲግሪ እየጨመረ እንደሞቀ፣ በከፍተኛው ሙቀት ስንት ሰዓት እንደቆየና በምን ያህል ፍጥነት እንደቀዘቀዘ፣ ሁሉም በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ሴራሚክ ከነታሪኩ ካልተቀመጠ፣ በሳይንስ ዓይን ከተራ ጠጠር ብዙም አይሻልም።

ያለቀው ዓመት

ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የተማርሁት የዶክትሬት ትምህርቴን በጀመርሁበት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሥራዬ ከእኔ በፊት የነበረ ተመራማሪ የደረሰበትን ውጤት መነሻ አድርጎ መቀጠል ነበር። ሰውየው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ኢንዱስትሪ ሄዷል። ለእኔ የቀረልኝ ስለት እንደማይሰነጥቀው፣ እጅግ ብርቱ ሴራሚክ እንዳገኘ የሚያሳይ አንድ ሥዕላዊ መግለጫና ከ60 በላይ የሴራሚክ ቁራጮች የያዘ ካርቶን ነው። በቁራጮቹ ላይ «3 አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚሉ ጽሑፎች አሉ። የኮምፒዩተሩ ፋይሎችም ነበሩ፤ ነገር ግን የሚከፈቱበት ፕሮግራም መሣሪያው በሌላ ሲተካ አብሮ ተወግዷል።

የተጻፈውን አሠራር አንድ በአንድ ተከትዬ ሞከርሁ። ያው ዱቄት፣ ያው እቶን፣ ያው 1,450 ዲግሪ። የማገኘው ሴራሚክ ግን የተባለውን ብርታት አላሳይ አለ። ደግሜ ሠራሁ፤ ሰልሼም ሠራሁ። ወራት አለፉ። ባልደረቦቼ እጄን መጠርጠር ጀመሩ። የውጭ አገር ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም አዲስ ገቢ ስትሆኑ ጥርጣሬው ወዴት ቀድሞ እንደሚያመራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በመጨረሻ እንቆቅልሹን የፈታችልኝ ፕሮፌሰር አይደለችም። የክፍሉ ጸሐፊ ነበረች። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራት፣ ማንኛውንም ደረሰኝ በየዓመቱና በየወሩ ለይታ በክላሰር የምታስቀምጥ ሴት። እቶኑ ተጠግኖ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ከመደርደሪያዋ አንድ ክላሰር አውጥታ የጥገና ደረሰኝ አሳየችኝ። ሰውየው ሥራውን ከጨረሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእቶኑ ሙቀት መለኪያ በአዲስ ተተክቷል። እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ከፕላቲኒየም የሚሠራ ሲሆን፣ በከፍተኛ ሙቀት ብዙ ካገለገለ በኋላ ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ አድርጎ ማሳየት ይጀምራል። ማለትም ሰውየው «1,450» ብሎ የጻፈው፣ በእርግጥ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ከፍ ያለ ነበር። እቶኑን ከፍ አድርጌ ባሞቀው የተባለው ብርታት መጣ።

አንድ መስመር ብቻ፣ «መለኪያው በዚህ ቀን ተተካ» የሚል መስመር፣ ከእቶኑ አጠገብ በተቀመጠ ደብተር ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 11 ወር አይባክንም ነበር። ሰውየው አልዋሸም። ያየውን ቁጥር ነው የጻፈው። የጎደለው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ቃል ነው።

ጉዳዩ የአንዲት ተማሪ ብስጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዚርኮኒያ ቀደም ሲል ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያም ያገለግል ነበር። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ የፈረንሳይ አምራች የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዳሌ መገጣጠሚያ ኳሶች በሰው አካል ውስጥ እንዳሉ በአጭር ጊዜ ተሰበሩ። ምርመራው ሲካሄድ፣ ችግሩ የተያያዘው ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጋገሪያው እቶን ዓይነት ከተለወጠ በኋላ ከተመረቱ የተወሰኑ ዙሮች ጋር ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ የተለወጠው እቶኑ ነው። እያንዳንዱ ኳስ የምርት ቁጥር ስለነበረው ጥፋቱ ወደ ምንጩ ሊከተል ቻለ። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ የትኛው ሕመምተኛ ሊሰጋ፣ የትኛው በሰላም ሊተኛ እንደሚገባው በምን ይታወቅ ነበር?

መረጃ እንዴት ይጠፋል?

መረጃ የሚጠፋው በእሳትና በጎርፍ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው በዝምታ ነው። ተማሪው ይመረቃል፤ ኮምፒዩተሩ ይጣላል፤ አድራሻው ይለወጣል። በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) የታተሙ፣ በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ የተሠሩ 516 ጥናቶችን መርጠው፣ የየጥናቱን ባለቤት መረጃውን እንዲልክላቸው ጠይቀው ነበር። በ2014 ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው መረጃው በእጅ የመገኘቱ ዕድል ጥናቱ ከታተመ በኋላ በየዓመቱ በመቶ 17 ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ሌሊት ታድሮበት የተሰበሰበ መረጃ ነው።

በአንጻሩ በወጉ የተያዘ ደብተር የሚያደርገውን ደግሞ ተመልከቱ። ዳን ሼክትማን የተባሉት እስራኤላዊ የቁሳቁስ ተመራማሪ ሚያዝያ 8 ቀን 1982 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሚገኝ ቤተ ሙከራ አንድ የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በጊዜው የነበረው ትምህርት «ሊኖር አይችልም» የሚለውን አሥር እጥፍ ሲሜትሪ አዩ። በደብተራቸው ላይ ያዩትን ከነሦስት የጥያቄ ምልክቱ ጻፉት። ብዙዎች አላመኗቸውም፤ የመማሪያ መጽሐፉን እንደገና እንዲያነቡ እስከ መምከር ደረሱ። ደብተሩ ግን አለ፤ ቀኑም አለ፤ ፎቶግራፉም አለ። በ2011 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የዕለት ሥራዬ

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልመለስ። አንድ የዶክትሬት ተማሪ ገና ሥራውን ሳይጀምር አብረን እንቀመጥና የመረጃ አያያዝ ዕቅድ እናወጣለን። ምን ዓይነት መረጃ ይሰበስባል? በምን መሣሪያ? ስንት ይሆናል? የት ይቀመጣል? ማን ሊያየው ይችላል? ትምህርቱን ሲጨርስስ ለማን ይተወዋል? በጀርመን አገር ትልቁ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ድርጅት፣ የታተመ ጥናት የተመሠረተበት መረጃ በመደበኛው ለ10 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ናሙና የማይደገም ቁጥር እንሰጣለን። «የመጨረሻ 2» የሚባል ስም በእኛ ዘንድ አይፈቀድም። ፋይሉ ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ውጭ በማይከፈት ዓይነት ከተቀመጠ፣ አብሮ ማንም ሊያነበው በሚችል ቀላል ጽሑፍ ይገለበጣል። ሦስት ቅጂ ይኖራል፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሆናሉ፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጣል። ጥናቱ ሲታተም መረጃው በታወቀ የመረጃ ማከማቻ ገብቶ ቋሚ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ እንደ መጽሐፍም ሊጠቀስ ይችላል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ አገር ሳይንቲስቶች ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ በወጉ የተያዘ መረጃ አራት ጠባይ ሊኖረው ይገባል። ተፈልጎ የሚገኝ፣ ሊደረስበት የሚቻል፣ ከሌላ መረጃ ጋር የሚጣጣም፣ ዳግመኛ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት። ይህ ማለት ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈታል ማለት አይደለም። የሕመምተኛ ምስጢር አለ፤ የፈጠራ መብት አለ፤ ተማሪዋ ጥናቷን እስክታሳትም የሚጠበቅላት ጊዜም አለ።

«ይህንማ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው አይሠራውም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የማስቀመጫውን ማሽን እርሱ በደንብ ይሠራዋል፤ ያለ እርሱም አይሆንልንም። ነገር ግን ተማሪዋን «የእቶንሽ ሙቀት መለኪያ መቼ ተለወጠ?» ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው? ይህን ለመጠየቅ እቶኑ አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። እኔ ትምህርቴን አልጣልሁትም የምለው በዚህ የተነሣ ነው። በየቀኑ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ከዚያው ከእቶኑ የመጡ ናቸው።

የእናቴ ዕቁብ

እናቴ ሥራ መለወጤን የሰማች ዕለት በስልክ፣ «ልጄ፣ ዶክተር ሆነሽ ተመልሰሽ ጸሐፊ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ኀዘን ነበረበት። አልፈርድባትም። እርሷ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ እኔን ያስተማረችው ከዚያ በላይ እንድደርስላት ነው።

እኔም፣ «እማዬ፣ የዕቁቡ ደብተር ትዝ ይልሻል?» አልኋት። እናቴ ማንበብና መጻፍ ከቻለች በኋላ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነበረች። ደብተሯ ላይ ስምና ብር ብቻ አትጽፍም ነበር። ቀኑን ትጽፋለች፤ «በልጇ እጅ የተላከ»፣ «በብድር የተከፈለ» እያለች ከጎኑ ታስታውሳለች። አንድ ጊዜ ሁለት አባላት «ከፍያለሁ»፣ «አልደረሰኝም» ተባብለው ዕቁቡ ሊፈርስ ደርሶ ሳለ፣ ጠቡን ያበረደችው «በልጇ እጅ» የምትለው ቃል ናት። ልጁ ተጠርቶ ተጠየቀና ነገሩ ታወቀ።

ይህን ሳስታውሳት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም፣ «ብሩንማ ማንም ያስታውሳል፤ በማን እጅ እንደሄደ ነው የሚረሳው» አለችኝ። በሙያዬ ውስጥ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ለአዲስ ተማሪዎች ትምህርት ስሰጥ ይህንኑ ተርጉሜ እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩ ብሩ ነው፤ ቁጥሩ በማን እጅ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በምን ሁኔታ እንደመጣ የሚነግረን ማስታወሻ ከሌለ ዕቁቡ ይፈርሳል።

ቀድመው የሠሩ ሴቶች

በዚህ መስክ ሴቶች ከፊት ተሰልፈው መገኘታቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ዶክተር ኦልጋ ኬናርድ በ1924 (እ.ኤ.አ.) በቡዳፔስት ተወልደው በ1939 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር የመጡ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1965 በካምብሪጅ ከተማ፣ በየመጽሔቱ ተበታትነው የሚታተሙትን የክሪስታል አወቃቀሮች እየሰበሰበና እያረመ የሚያስቀምጥ ማዕከል መሠረቱ። በጊዜው ብዙዎች ሥራውን እንደ ተራ ጽሕፈት ነበር የሚያዩት። እርሳቸው ግን ብዙ መረጃ በአንድነት ሲታይ፣ አንዱ ለብቻው ሊሰጥ የማይችለውን ዕውቀት ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። መዝገቡ በ2019 አንድ ሚሊዮን አወቃቀሮች ሞላ። ዶክተር ኬናርድ በ2023 በ98 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ የሥራቸውን ፍሬ ለማየት በቅተዋል።

በአሜሪካም የፕሮቲን አወቃቀሮች መዝገብ በ1971 ሲጀመር የነበሩት አወቃቀሮች 7 ብቻ ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዷ ሄለን በርማን የተባሉ ሴት ሳይንቲስት ሲሆኑ፣ መዝገቡ በ2023 ከ200,000 በላይ ደርሷል። በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ካስገኙት ሥራዎች አንዱ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የተማረው ከዚሁ መዝገብ ነው። በእኔው ሙያ ደግሞ ክርስቲን ፐርሰን የተባሉ ተመራማሪ በ2011 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የመሠረቱት የቁሳቁስ መረጃ ቋት፣ የብዙ አሥር ሺህ ቁሶችን ጠባይ ለማንኛውም ጠያቂ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ፤ ልደብቀው አልፈልግም። የመዝገብ ሥራ የቤት ሥራን ይመስላል። ሲሠራ አይታይም፤ ሳይሠራ የቀረ ዕለት ግን ሁሉም ያየዋል። በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ ማን እንደሚዞር ታውቃላችሁ። በብዙ ቤተ ሙከራም የናሙናውን ሣጥን የምታስተካክለው፣ ደብተሩን የምትሞላው፣ ለአዲሱ ተማሪ የምታስረዳው ሴቷ ሆና፣ ጥናቱ ሲታተም ስሟ መጨረሻ ላይ ወይም ጨርሶ የማይወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መዝገብ መያዝ ሳይንስ ነው ካልን፣ የሳይንስ ደመወዝ፣ የሳይንስ ስምና የሳይንስ ማዕረግ ሊሰጠው ይገባል። በዚህ ረገድ ጥሩ ጅምር አለ። ዛሬ ብዙ የሳይንስ መጽሔቶች የጥናቱ ተሳታፊዎች እያንዳንዳቸው ምን እንደሠሩ የሚያመለክት ዝርዝር ይጠይቃሉ። ከ14ቱ የሥራ ድርሻዎች አንዱ የመረጃ አያያዝ ነው። እኔም ተማሪዎቼን ይህች ሣጥን ባዶ እንዳትቀር አጥብቄ አሳስባለሁ።

ምርጫዬ

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በ2018 ነው። በጀርመን አገር ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ መሠረት ተመራማሪ በጊዜያዊ ውል ሊቀጠር የሚችለው በጠቅላላው ከዶክትሬት በፊት 6 ዓመት፣ ከዚያም በኋላ 6 ዓመት ያህል ነው፤ ልጅ ላለው ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታ ያላገኘ ሰው መንገዱ ይጠብበታል። እኔ ልጄን የወለድሁት በ2015 ነው። ማይክሮስኮፑ ለእኔ የሚደርሰኝ ብዙውን ጊዜ ማታ ስለነበር፣ ባለቤቴ ልጅ ሲያስተኛ እኔ ናሙና አስቀምጥ ነበር። በ2018 ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። አንደኛው በሌላ ከተማ ለሁለት ዓመት እቶኑን መቀጠል ነው። ሁለተኛው በዚያው በነበርሁበት ከተማ በመረጃ አያያዝ መሥራት ነው።

ልጄ በውሳኔዬ ውስጥ አልነበረችም ብል እዋሻለሁ። ነበረች። ነገር ግን «ለልጇ ስትል ከሳይንስ ወጣች» ተብሎ እንዲወራልኝ አልወድም፤ እውነት አይደለምና። ባለቤቴም ለልጁ ሲል የሥራ ሰዓቱን ለውጧል፤ ማንም ግን ከሙያው ወጣ አላለውም። እኔ የመረጥሁት 11 ወር የበላብኝን ችግር ከሥሩ መንቀል ነው።

የጎደለብኝን ደግሞ ልንገራችሁ። የእቶኑ በር ሲከፈት የሚሰማው ደስታ ይናፍቀኛል። ስሜ እንደ ቀድሞው ደጋግሞ በመጽሔት ላይ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሌም የተወሰነ ጊዜ ነበር፤ ቋሚ የሆንሁት በ2022 ነው። ደብተር እንዲሞሉ ስለምነግራቸው እንደ ጨቅጫቃ አክስት የሚያዩኝ ተማሪዎችም አልጠፉም። በአንጻሩ ግን ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ከእርሷ በፊት የነበረው ሰው የተወውን መዝገብ ከፍታ፣ የሚያስፈልጋትን ናሙና ከነታሪኩ በግማሽ ቀን አገኘችው። ለእርሷ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ምስጋናም አላሰበችም። እኔ ግን ያን ግማሽ ቀን ከእነዚያ 11 ወራት ጋር አስተያየሁት።

ለአገራችን ምን ይጠቅማል?

ጥሩ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ ጥገናውና የሚያስፈልገው ያልተቋረጠ መብራትም ሌላ ወጪ ነው። በወጉ የተቀመጠ መረጃ ግን ጅማ ላለችውም፣ መቀሌ ላለችውም፣ በርሊን ላለችውም ተማሪ እኩል ይከፈታል። የራሷ እቶን የሌላት ተመራማሪ ሌሎች በለኩት ላይ ተነሥታ አዲስ ነገር ልታገኝ ትችላለች። በአገራችንም የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል፤ የመረጃ አያያዝ ዕቅድንም ይጠይቃል። ፖሊሲ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ግን ሥራውን የሚያውቅና ለሥራው የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል። የአፈራችን፣ የሸክላችንና የድንጋያችን መረጃ በውጭ አገር መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ዘንድ ከነታሪኩ እንዲገኝ ከተፈለገ፣ ይህ ሙያ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በተረፈ ለእኅቶቼ ጥቂት ምክር አለኝ። በጥናት ላይ ያለሽ ተማሪ፣ የሠራሽውን ያን ዕለት ጻፊ፤ ነገ ትረሺዋለሽ። ከቁጥሩ ጎን መሣሪያውን፣ ቀኑንና የሠራውን ሰው ስም አትተዪ። ያልተሳካውንም ሙከራ ጻፊ፤ ሌላዋ እንዳትደግመው ይረዳታል። ፋይልሽን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አታስቀምጪ። ቤት ውስጥ ያለሽ እናትም ብትሆኚ የልጅሽን የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ምርመራ ውጤትና የሐኪሙን መድኃኒት ማዘዣ በየቀናቸው አንድ ላይ አስቀምጪ። ሕፃኑ በታመመ ጊዜ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እርሱን ነው።

የመረጃ አያያዝን ሥራ ለመያዝ የምታስቢ ወጣት ደግሞ፣ «ዝቅ አልሽ» ቢሉሽ አትደንግጪ። ነገር ግን ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? ደመወዙ ከተመራማሪው እኩል ነው ወይ? በምሠራበት ጥናት ላይስ ስሜ ይወጣል ወይ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበዪ፤ አጽፊው።